የስሜን ተራሮችና የመሬት መንቀጥቀጥ፦ ከበየዳ መልክዓ ምድር የምንማረው

የኢትዮጵያ ጣሪያ እየተባለ የሚጠራው ራስ ደጀን በሰሜን ጎንደር ዞን በበየዳ ወረዳ ይገኛል። ከፍታው 4,550 ሜትር ገደማ ነው፤ በቀድሞ ካርታዎችና በትምህርት መጻሕፍት ግን 4,620 ሜትር ተብሎ ተመዝግቦ ቆይቷል። ከዚህ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው መሬቱ በደረጃ በደረጃ እየተቆረጠ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወርድ ያያል። በቀጥታ መስመር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። በዓለም ላይ በእንዲህ ያለ አጭር ርቀት ይህን ያህል የሚወርድ መሬት ብዙ አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ በፈንታሌና በዶፋን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬት ለወራት በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በዚያን ወቅት ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከበየዳ የመጡ ተማሪዎቻችን ሁለት ጥያቄዎችን ደጋግመው አቀረቡልን። የመጀመሪያው «ተራራችን እንዲህ የተቆራረጠው በመሬት መንቀጥቀጥ አይደለምን?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «ታዲያ እኛስ ዘንድ መቼ ይመጣል?» የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ በተለይ ከገደል ሥር ጎጆውን ለቀለሰ ገበሬ ሁለተኛው የሕይወት ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም በቅደም ተከተል ለመመለስ እንሞክራለን። በመጀመሪያ ተራራው እንዴት እንደ ተገነባና እንደ ተቀረጸ፣ ቀጥሎ የመሬት መንቀጥቀጥ ከወዴት እንደሚመጣ፣ በመጨረሻም አንድ ተዳፋት መቼ እንደሚናድ በቀላል የፊዚክስ ሒሳብ እንመለከታለን።

ተራራው እንዴት ተገነባ?

ከስሜን በስተ ሰሜንና በስተ ምሥራቅ ወዳሉት ቆላዎች ስንወርድ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ሌላ ዓይነት ዓለት እናገኛለን። ከሁሉ በታች ያለው ዕድሜው በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት የሚቆጠር፣ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ጥንታዊ ዓለት ነው። ከእርሱ በላይ በብዙ ሥፍራ የአሸዋ ድንጋይ ተነጥፎ ይታያል። የስሜን ተራሮች ታሪክ የሚጀምረው ግን ከዚህ ንጣፍ በላይ ነው።

ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ጥልቀት የመጣ ከፍተኛ ሙቀት በአካባቢያችን ያለውን የመሬት ቅርፊት ከሥሩ አሞቀው። ቅርፊቱም ተሰነጠቀ፤ በስንጥቆቹ የወጣው ቅልጥ ዓለት እንደ ጎርፍ በሜዳው ላይ ፈሰሰ። ይህ አንድ ጊዜ ፈንድቶ የሚያበቃ እሳተ ገሞራ አልነበረም። አንዱ ፍሳሽ ሲቀዘቅዝ ሌላው እየተተካ፣ የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደ ለኩት፣ ዋናው ክፍል አንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ብቻ በፈጀ ጊዜ ውስጥ ተከናወነ። ለእኛ ይህ እጅግ ረጅም ዘመን ነው፤ በምድር ዕድሜ ሲታይ ግን አጭር ነው። የዚህ ባዛልት ቅሪት ዛሬም በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች 600,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል መሬት ይሸፍናል፤ ውፍረቱም በአንዳንድ ሥፍራ 2,000 ሜትር ይደርሳል።

በዚህ የባዛልት ሜዳ ላይ ቀጥሎ ታላላቅ እሳተ ገሞራዎች በቀሉ። ጎኖቻቸው ገራገር፣ ስፋታቸው እጅግ ትልቅ፣ ቅርጻቸውም በምድር ላይ እንደ ተደፋ ጋሻ በመሆኑ ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ ይባላሉ። በአገራችን ከሚታወቁት መካከል ስሜን፣ ጮቄና ጉና ይገኙበታል። የስሜኑ ከሁሉም ቀዳሚ ሲሆን ዕድሜው ከሥሩ ካለው ባዛልት እምብዛም አይለይም፤ እርሱም ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የጮቄ ዕድሜ 22 ሚሊዮን፣ የጉና ደግሞ 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ራስ ደጀን፣ ቧሂት፣ ስልኪና አባ ያሬድ ለየብቻቸው የበቀሉ ተራሮች ሳይሆኑ የአንድ ግዙፍ እሳተ ገሞራ ፍርስራሾች ናቸው። ከዳባት ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ወደ ሳንቃ በር ስንጓዝ ቀስ በቀስ የምንወጣበት ደልዳላ ደጋ የዚያ ጥንታዊ ጋሻ ጎን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት ማስወገድ ያስፈልጋል። ይህ እሳተ ገሞራ ካለቀለት በአሥሮች ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። እሳቱን ይመግብ የነበረው የሙቀት ምንጭ ዛሬ የሚሠራው በአፋርና በስምጥ ሸለቆ ነው። የስሜን ሰው ከተራራው ጫፍ እሳት ይወጣል ብሎ የሚፈራበት ምክንያት የለም።

ማን ቀረጸው?

ጋሻው በተገነባበት ጊዜ ገደል አልነበረውም። የዛሬዎቹን ገደሎች ያወጡት ሦስት ሠራተኞች ናቸው፤ እነርሱም የመሬቱ ከፍ ማለት፣ ውኃና በረዶ ናቸው።

ከሥር የመጣው ሙቀት የኢትዮጵያን ደጋ በሰፊው ወደ ላይ ገፋው። መሬት ከፍ ባለ ቁጥር ወንዞች ቁልቁለት ያገኛሉ፤ ቁልቁለት ያገኘ ወንዝ ደግሞ ጉልበት ስላለው ይቆርጣል። ተከዜ ከታች ጥልቅ ሸለቆውን ሲቆፍር ገባሮቹ ከላይ ወደ ተራራው ልብ እየበሉ ገቡ። በቧሂትና በራስ ደጀን መካከል ያለውን ሸለቆ የቆረጠው የመሸሃ ወንዝ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከጨነቅ ተነሥቶ ራስ ደጀን ለመድረስ የሚጓዝ ሰው ቧሂትን ከተሻገረ በኋላ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ የሚያስገርም የፊዚክስ ሕግ ተደብቋል። የመሬት ቅርፊት ከሥሩ ባለው ከእርሱ በሚከብድ የጋለ ዓለት ላይ የተንሳፈፈ ያህል ነው። በጣና ሐይቅ ላይ እንጨት የጫነ ታንኳ ጭነቱ ሲራገፍለት ከውኃው ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ ወንዞች ዓለቱን እየሸረሸሩ ወደ ቆላና ወደ ሱዳን ሲወስዱ መሬቱ ሸክሙ ቀልሎለት ከፍ ይላል። የባዛልት እፍግታ 2.8፣ ከቅርፊቱ በታች ያለው ዓለት እፍግታ ደግሞ 3.3 ነው ብንል፣ በሰፊ አካባቢ በአማካይ 100 ሜትር ዓለት ሲሸረሸር መሬቱ ቀስ በቀስ 85 ሜትር ያህል ይነሣል። ሸለቆዎቹ ተቆፍረው ጫፎቹ ብዙ ካልተነኩ፣ አማካዩ ከፍታ ዝቅ ሲል ጫፎቹ ከፍ ሊሉ ይችላሉ። ራስ ደጀን ቁመቱን በከፊል ያገኘው በዙሪያው ካሉት ገደሎች ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ገደሎቹ ቀጥ ብለው የቆሙት በድንጋዩ አደራረብ ምክንያት ነው። የባዛልቱ ፍሳሾች በመሶብ እንደ ተደራረበ እንጀራ አንዱ በሌላው ላይ ተነጥፈዋል። በየንጣፉ መካከል ግን የእሳተ ገሞራ አመድና ፍሳሹ ከመምጣቱ በፊት የነበረ አፈር ተቀብሯል። ባዛልቱ ጠንካራ ነው፤ አመዱና ቀዩ አፈር ግን ልል ናቸው። ውኃ ልሉን ንጣፍ ሲበላው በላዩ ያለው ጠንካራ ድንጋይ ያለ ድጋፍ ይቀራል፤ ባዛልት ሲቀዘቅዝ ቁም ለቁም ስለሚሰነጠቅ ደግሞ እንደ ምሰሶ ተላቆ ይወድቃል። በዚህ መንገድ ገደሉ ቅርጹን ሳይለቅ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ከሥሩም የወደቀው ቋጥኝና አፈር ተዳፋት ሆኖ ይከማቻል። የስሜን ደረጃ ደረጃ ገደሎችና ዓምባዎች የተሠሩት እንዲህ ነው። ከግጭና ከእሜት ጎጎ አፋፍ ወደ ሰሜን ቁልቁል ስናይ ከ1,000 እስከ 1,500 ሜትር የሚጠልቀው ገደልም የዚሁ ሥራ ውጤት ነው።

ሦስተኛው ሠራተኛ በረዶ ነው። ከዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ በፊት ዓለም ቀዝቃዛ በነበረችበት ዘመን በስሜን ከፍተኛ ጫፎች ላይ የበረዶ ግግሮች ነበሩ። ስዊዘርላንዳዊው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት በቧሂትና በራስ ደጀን አካባቢ ግግሮቹ ገፍተው ያከማቹትን የድንጋይ ክምር መዝግቧል። ከግግሮቹ በታች በሰፊው ውርጭ ድንጋዩን እየሰነጠቀ አፈሩንም እያንሸራተተ ወፍራም የድንጋይና የአፈር ድብልቅ በተዳፋቱ ላይ አለበሰ። ዛሬ ገብስ የሚዘራባቸው ብዙ የስሜን ተዳፋቶች አፈራቸው ከዚያ ዘመን የተወረሰ ነው። ይህን ልብ እንበል፤ ገበሬው የሚያርሰው አፈር ራሱ በአንድ ወቅት ከላይ ተንሸራትቶ የመጣ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሰናል። ስሜንን ያቆራረጠው በዋናው የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይሆን በሚሊዮን ዓመታት የተከናወነ የውኃ ሥራ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥ ከወዴት ይመጣል?

የአፍሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በመለያየት ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ያሉት የመሬት ሰሌዳዎች በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በአፋር በኩል የዓረቢያ ሰሌዳ የሚርቅበት ፍጥነት እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህ ጥፍራችን ከሚያድግበት ፍጥነት ያነሰ ነው። ነገር ግን ዓለት እንደ ሊጥ አይሳብም። ለዓመታት ተወጥሮ ይቆይና በድንገት ይበጠሳል፤ መበጠሱም የመሬት መንቀጥቀጥ ነው።

በአገራችን ይህን ጉዳይ በመሣሪያ መከታተል የተጀመረው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሲቋቋም ነው። የመሠረቱት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እስከ ዛሬ የዘርፉ ዋና መነሻ ነው። ከመዝገቡ ጥቂቱን እንጥቀስ። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ የደረሰው ማጀቴን አፍርሷል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የአፋሯን ሰርዶ ያፈረሰው 24 ሰዎችን ገድሏል። ከጉዋን መጽሐፍ በኋላም ታሪኩ ቀጥሏል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቶ ቅልጥ ዓለት በስንጥቁ ገብቷል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፋን ከደረሱት መካከል ትልቁ የካቲት 7 ቀን የተመዘገበው ሲሆን መጠኑ 6.0 ነበር።

መጠን የሚባለው ቁጥር ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይተረጎማልና እናብራራው። መጠኑ በአንድ ሲጨምር የሚለቀቀው ጉልበት በ32 እጥፍ ያህል ያድጋል። በሁለት ሲጨምር 1,000 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መጠኑ 6 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ መጠኑ 4 ከሆነው በ1,000 እጥፍ ይበልጣል። መጠን የምንጩ ልክ ነው፤ እያንዳንዳችን የሚሰማን ንዝረት ግን በርቀታችንና በቆምንበት መሬት ይወሰናል።

ርቀቱን እንዴት እናውቃለን? መብረቅ ካየን በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ በመቁጠር ርቀቱን እንደምንገምተው ሁሉ ለመሬት መንቀጥቀጥም ተመሳሳይ ዘዴ አለ። ከምንጩ ሁለት ዓይነት ሞገዶች ይነሣሉ። ፈጣኑ በቅርፊቱ ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዘገምተኛውና ይበልጥ የሚያናውጠው ደግሞ በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በመጀመሪያው ትንሽ ንዝረትና በሁለተኛው ብርቱ ንዝረት መካከል ያሉትን ሰከንዶች ቆጥረን በ8 ብናባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግምት እናገኛለን።

ከራስ ደጀን እስከ ኤርታ አሌ በቀጥታ መስመር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በዚያ ለሚነሣ የመሬት መንቀጥቀጥ በበየዳ ያለ ሰው በሁለቱ ሞገዶች መካከል ወደ 30 ሰከንድ ሊቆጥር ይችላል። በዚህ ርቀት መጠኑ 6 የሆነ እንኳ የሚያደርሰው አግድም ግፊት ከአንድ ዕቃ ክብደት አንድ መቶኛ በታች ነው። ዕቃ ያንቀጫቅጫል፣ የተኛ ሰው ያነቃል እንጂ በጥንቃቄ የተሠራ ቤት አያፈርስም።

ይህ ማለት ግን ስሜን ፈጽሞ ከስጋት ነፃ ነው ማለት አይደለም። ወደ ምሥራቅ ያለው የስምጥ ሸለቆ አፋፍ ከኤርታ አሌ ይልቅ ይቀርባል። በደጋው ውስጥም፣ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ የመሬት መንቀጥቀጦች ይነሣሉ። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በጎንደር የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ እንደ ተጎዳ በታሪክ ተጽፏል። መካከለኛ መጠን ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ኪሎ ሜትር ቅርበት ከተነሣ አግድም ግፊቱ የክብደት አንድ አሥረኛ ሊደርስ ይችላል። በተጨማሪም ሞገዶች በሹል ሸንተረርና በገደል አፋፍ ላይ ሲደርሱ ከሜዳው ይበልጥ ይጎላሉ፤ ስሜን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሸንተረርና አፋፍ ነው።

የአንድ ቋጥኝ ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ያረፈ 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቋጥኝ እናስብ። ነገሩን ለማቅለል ኃይልን ሁሉ በኪሎ ግራም ክብደት እንለካለን።

የመሬት ስበት ቋጥኙን በሁለት አቅጣጫ ይከፍለዋል። በ500 ኪሎ ግራም ቁልቁል ይስበዋል፤ በ866 ኪሎ ግራም ደግሞ ወደ ተዳፋቱ ይጫነዋል። ቋጥኙን የሚይዘው ሰበቃ ነው፤ ሰበቃ የሚለካው ከሚጫነው ኃይል ነው። የሰበቃው መጠነ ቁጥር 0.7 ቢሆን፣ መያዣው ኃይል 866 ሲባዛ በ0.7፣ ማለትም 606 ኪሎ ግራም ይሆናል። ሳቢው 500፣ ያዢው 606 ስለሆነ ቋጥኙ ይቆማል። በመካከላቸው ያለውን 106 ኪሎ ግራም «የተዳፋቱ ትርፍ» እንበለው።

አንደኛ፣ መሬት ተንቀጠቀጠ እንበል፤ አግድም ግፊቱም የክብደቱ አንድ አሥረኛ፣ 100 ኪሎ ግራም ሆነ። ይህ ግፊት ሁለት ነገር ያደርጋል። ቁልቁል የሚስበውን ወደ 587 ያሳድጋል፤ ወደ ተዳፋቱ የሚጫነውን ደግሞ ወደ 816 ስለሚቀንስ ሰበቃው 571 ይሆናል። ሳቢው ከያዢው በለጠ፤ ቋጥኙ ይንሸራተታል።

ሁለተኛ፣ መሬቱ አልተንቀጠቀጠም፤ ነገር ግን የክረምቱ ዝናብ ከቋጥኙ ሥር ባለው ልል ንጣፍ ገብቶ ተጠራቀመ እንበል። ውኃው በግፊቱ ከሚጫነው ኃይል አንድ አምስተኛውን ቢሸከም፣ ወደ ተዳፋቱ የሚጫነው 693 ብቻ ይሆናል፤ ሰበቃው 485 ይሆናል። ሳቢው እንደ ቀድሞው 500 ነው። ቋጥኙ አሁንም ይንሸራተታል፤ ይህን ጊዜ ያለ ምንም መንቀጥቀጥ።

ሦስተኛ፣ ሁለቱ በግማሽ በግማሽ ቢገናኙስ? አግድም ግፊቱ 50 ኪሎ ግራም ብቻ፣ ውኃው የሚሸከመውም አንድ አሥረኛ ብቻ ይሁን። ሳቢው 543፣ ሰበቃው 528 ይሆናል። ቋጥኙ ይንሸራተታል። ለየብቻቸው ቢመጡ ሊጥሉት የማይችሉ ሁለት ነገሮች ተጋግዘው ጣሉት።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ለበየዳ ሰው ወሳኙ የመሬት መንቀጥቀጡ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ተዳፋቱ በዚያ ቀን ምን ያህል ትርፍ ቀርቶታል የሚለው ነው። በጥር ወር ደረቅ ሆኖ የቆመ ተዳፋት የማይነቀነቅበት ንዝረት፣ በነሐሴ ወር ውኃ የጠገበውን ሊያፈርሰው ይችላል። ትርፉ አልቆ በጫፍ ላይ ለደረሰ ተዳፋት ደግሞ ማናቸውም ትንሽ ነገር ይበቃዋል።

ታሪክ ምን ይመሰክራል?

ሒሳቡ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 መጨረሻ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር የሆነው ከሦስተኛው ምሳሌያችን ጋር ይመሳሰላል። አንኮበር እንደ ስሜን ከገደል አፋፍ የተቀመጠች ከተማ ናት። በወቅቱ በሸዋ ቤተ መንግሥት የነበረው እንግሊዛዊው መልእክተኛ ዊልያም ሃሪስ እንደ ጻፈው፣ ከባድ ዝናብና የመሬት መንቀጥቀጥ ተከታትለው ስለ መጡ ተዳፋቱ ቤቶችን ይዞ ተንሸራቷል። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥም በተራራው ጎን ናዳ አስከትሎ የአዲስ አበባና የደሴን መንገድ ጎድቷል።

ውኃ ለብቻው የሚያደርገውን ደግሞ በቅርቡ አይተናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲረዱ ሁለተኛው ናዳ ስለ ደረሰባቸው ነው። በዚያው ክረምት በነሐሴ ወር በበየዳ ጎረቤት በጠለምት ወረዳ በከባድ ዝናብ ምክንያት መሬት ተንሸራቶ ቢያንስ አሥር ሰዎች ሞተዋል፤ ከሁለት ሺህ በላይ የሚሆኑም ተፈናቅለዋል። ጠለምት ከስሜን ገደሎች ሥር ያለ አገር ነው።

የሰው እጅ ሲጨመርበትም ተዳፋት ትርፉን ያጣል። 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ ሲገነባ እ.ኤ.አ. በ2008 በሥራው ቦታ ትልቅ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ተጨማሪ የድጋፍ ግንብ አስፈልጓል። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረጠው የሊማሊሞ መንገድም በየጥምዝምዙ የተዳፋቱን እግር ስለሚቆርጥ የናዳ ስጋት አይለየውም። የተዳፋትን እግር መቁረጥ የግድግዳን መሠረት እንደ መቆፈር ነው።

ምን ማድረግ እንችላለን?

የመሬት መንቀጥቀጥ የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ አልተገኘም። ቀኑን እናውቃለን የሚል ወሬ ሲነዛ ማመን አይገባም። የተዳፋቱን ትርፍ መጠበቅና ምልክቶቹን ማንበብ ግን በእጃችን ነው።

በመጀመሪያ ውኃውን ማራቅ ነው። ከሒሳባችን እንዳየነው ውኃ ሰበቃን ይሰርቃል። ከመኖሪያና ከማሳ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር፣ ቦዩንም ከክረምት በፊት መጥረግ፣ ትርፉን መልሶ ለተዳፋቱ እንደ መስጠት ይቆጠራል። ቦዩ የሚያፈስበት ሥፍራ ግን መመረጥ አለበት፤ ከራስ ያራቁትን ውኃ በጎረቤት ተዳፋት ላይ መልቀቅ አደጋውን ማዛወር ብቻ ነው። ሥር የሰደደ ዛፍና ቁጥቋጦም አፈሩን እንደ ገመድ ያስራል። የአስታ ደን ሲመነጠር ሥሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በስብሶ የመያዝ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ጉዳቱ የሚታየው ምንጣሮው ከተረሳ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ቤቱ ነው። በድንጋይና በጭቃ ብቻ የተገነባ ወፍራም ግድግዳ ለብርድ መልካም ቢሆንም በአግድም ሲገፋ ድንጋዮቹን አንድ ላይ የሚይዝ ነገር የለውም። አባቶቻችን በጭቃ ቤት ላይ ማገር የሚያስሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በድንጋይ ግድግዳም ውስጥ ከመስኮትና ከበር በላይ ዙሪያውን የሚያስር ጠንካራ እንጨት ማስገባትና በማዕዘኖቹ ላይ ማያያዝ፣ ግድግዳው በአንድነት እንዲወዛወዝ ያደርገዋል። በከተሞች ለሚሠሩ ፎቆችና ትምህርት ቤቶች ደግሞ አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት የሕንፃ ደንብ አላት። ደንቡ የሚጠቅመው ሥራ ላይ ሲውል ነው።

ሦስተኛው ምልክት ማንበብ ነው። ከተዳፋቱ አናት በጨረቃ ቅርጽ የሚታይ አዲስ ስንጥቅ፣ ቀጥ ብለው የነበሩ ዛፎች ማዘንበል፣ ንጹሕ የነበረ ምንጭ በድንገት መደፍረስ ወይም ምንጭ ባልነበረበት ውኃ መፍለቅ፣ በሩ እየጠበቀ አልዘጋ ያለ ቤት፤ እነዚህ ሁሉ መሬቱ መንቀሳቀስ መጀመሩን ይናገራሉ። ከእነዚህ አንዱ በክረምት ከታየ ሌሊቱን እዚያ ማደር አይገባም። ናዳ በወረደበት ሥፍራም ወዲያው በብዛት ተሰብስቦ መቆም አደገኛ መሆኑን ከጎፋው ሐዘን ተምረናል፤ ነፍስ ለማዳን ሲሠራ ከላይ ያለውን ተዳፋት የሚጠብቅ ሰው መቆም አለበት።

በመጨረሻም ለአንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም በደባርቅ፣ በዳባትና በበየዳ ለሚገኙ የሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች አንድ ሥራ እናቀርባለን። በአካባቢያችሁ ተዳፋት ላይ ስንጥቅ ካለ ከላይና ከታች ሁለት ካስማ ትከሉ። በካስማዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በየሳምንቱ በሜትር ለኩ፤ ከቀኑና ከዘነበው ዝናብ ጋርም በደብተር መዝግቡ። ከሰኔ እስከ መስከረም የተመዘገበውን በመስመር ስታስቀምጡ ርቀቱ በየሳምንቱ እኩል እኩል የሚጨምር ከሆነ ተዳፋቱ ቀስ ብሎ እየሄደ ነው፤ ጭማሪው ራሱ ከሳምንት ሳምንት እያደገ ከመጣ ግን ሳትዘገዩ ለቀበሌውና ለወረዳው አስታውቁ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ካስማ፣ አንድ ሜትርና አንድ ደብተር ብቻ ነው።